የጠፋው ሰማያዊ መስመር

«እማማ አትበለኝ ብዬሃለሁ። እናትህ ካለች እሷን ጥራ።»

ጠጋኙ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ገመድ እየፈለገ ነበር። ደንግጦ ቀና ሲል አናቱ ከመሳቢያው ጠርዝ ጋር ተላተመ። ወይዘሮዋ አዩት። «እኔን» አላሉትም። መንገድ ላይ የተደናቀፈ ባዕድ እንኳ የማይነፈጋትን ያችን አንዲት ቃል ነፈጉት።

«እሺ፤ ምን ልበልዎት ታዲያ?»

«ምንም። ስክሪኑን አብራልኝና መንገድህን ቀጥል።»

ወይዘሮዋ ነዳፊ ናቸው። የውሃ ቧንቧ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ፣ በየትኛው መንገድ ሥር እንደሚያልፍ መሐንዲሶች ያሰቡትን በመስመር የሚያስቀምጡ። በእርሳስ ጀምረው ኮምፒውተር ላይ የደረሱ፣ መሐንዲሱ ባላቸው ካረፉ በኋላ አንዲት ልጃቸውን በዚሁ ሙያ አሳድገው ጠበቃ ያደረጉ ሴት። የድሮው ኮምፒውተራቸው ሲሞት ልጅቷ ላፕቶፕ ገዛችላቸው። የላፕቶፑ ስክሪን ግን ጠባብ ነው፤ ቧንቧው ሁሉ የጉንዳን መንገድ ይመስላል። ስለዚህ ለዓመታት የሠሩበትን ትልቁን ሞኒተር ከአዲሱ ላፕቶፕ ጋር ማገናኘት አስፈለገ።

ይህን ለማድረግ ማንኛውም ባለሙያ ይበቃ ነበር። የተጠራው ግን እሱ ነው፤ ምክንያቱም ጠበቃዋ ትወደዋለች። እናትየው ደግሞ «የመሐንዲስ ልጅ ለገመድ ጎታች አልሰጥም» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ «ባለ ገመዱ» ነው።

«እባክህ ሆዴ» ብላው ነበር ጠበቃዋ፣ «ይህችን ብቻ አስተካክልላት። ሥራዋን የመለሰላትን ሰው መጥላት ይከብዳታል። እኔ አውቃታለሁ።»

እንግዲህ እዚህ ጠረጴዛ ሥር የተንበረከከው ለሞኒተር አልነበረም።

በትልቁ ሞኒተር ጥቁር ፊት ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ከወዲያ ወዲህ ይንሳፈፋል። ጠጋኙ ገመዱን አገኘው፤ ግራና ቀኝ ብሎን ያለው የድሮው ዓይነት ነው። ላፕቶፑ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ስለሌለው በመሃል አዳፕተር አስገባ። ጽሑፉ መንሳፈፉን አልተወም። ሞኒተሩ ጀርባ ያለችውን ቁልፍ ሲጫን ነገሩ ገባው፤ ሞኒተሩ ምስል የሚጠብቀው በሌላኛው ቀዳዳ በኩል ነበር። ወደዚህኛው መለሰው። ቀጥሎ ላፕቶፑን ምስሉን ወደ ሁለተኛው ስክሪን እንዲያወጣ አዘዘው። ትልቁ ሞኒተር ብልጭ አለና በራ።

«ይኸው!» አለ፣ እንደ ልጅ ፈንጠዝ ብሎ።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ንድፋቸውን ከፈቱ። የነዳፊዎች ስክሪን መደቡ ጥቁር ነው፤ ግድግዳው በነጭ፣ መንገዱ በቢጫ፣ የውሃው ቧንቧ ደግሞ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሰማያዊ ይሰመራል። ስክሪኑን ብዙ ተመለከቱ።

«ሰማያዊው የታለ?»

«አለ እኮ…»

«የለም። ነጩ አለ፣ ቢጫው አለ። ውሃዬን የት አደረስከው?»

ጠጋኙ ከቆመበት ሆኖ ሰማያዊው ይታየዋል። ግን ሙያው አሳሳተው። በዚያ በድሮው ገመድ ውስጥ ቀለማቱ በየራሳቸው ክር ነው የሚሄዱት፤ በአንዱ ክር ጫፍ ያለችው መርፌ መሰል ጥርስ ከጎበጠች ያ ቀለም ይጠፋል፣ ገመዱ ሲነካ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ገመድ የነካ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህን ነው። እሳቸው ሲያዩ ጠፍቶ እኔ ስጠጋ ተመለሰ ማለት ነው ብሎ አሰበ። ነቅሎ ሲያየው ደግሞ እውነትም ከጥርሶቹ አንዷ ዘመም ብላለች! ደስ አለው። በጉጠት አቃናት።

«ነገ አዲስ ገመድ ይዤ እመጣለሁ» አላቸው። «ያልቃል።»

«መቼም መምጣት አይሰለችህም» አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

ከደጅ እንደወጣ ለጠበቃዋ ደወለላት። «አንዲት ጥርስ ናት የጎበጠችው። ነገ እናትሽ ስሜን ትጠራለች» አላት። በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማት። ስቃ ስታበቃ ትንፋሿ ሲንቀጠቀጥ ጭምር ሰማ፤ ተስፋ ስታደርግ እንደዚያ ነበር የምትተነፍሰው።

* * *

አዲሱ ገመድ ተሰካ፤ «የለም» አሉ ወይዘሮዋ።

አዳፕተሩ ተቀየረ። «የለም።»

የሞኒተሩን የቀለም ማስተካከያ ከፍቶ ሰማያዊውን እስከ ጥግ ከፍ አደረገው። ለእሱ ክፍሉ ሁሉ ሰማያዊ ጨረቃ የወጣበት መሰለው። እሳቸው እጃቸውን አጣምረው «አሁንማ ጭራሽ አጨለምከው» አሉ።

«እንዴት ይጨልማል? በርቶ በርቶ ሊፈነዳ ነው እኮ!»

«አትጩህብኝ። ባሌ በዚህ ቤት ጮሆ አያውቅም፤ መሐንዲስ ነበር።»

«መሐንዲስ ስላልሆንኩ ነው ሰማያዊው የጠፋው?»

«ከመጣህ ወዲህ ነው የጠፋው። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ልጄም አንተን ካወቀች ወዲህ ነው ከቤት የጠፋችው። አንተ የነካኸው ነገር ሁሉ መጥፋት ይወዳል።»

ትዕግሥት አለኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ነበር። አመልካች ጣቱን በመስታወቱ ላይ ደቅኖ «ይኸው! እዚህ! ከጣቴ ሥር ያለው ምንድን ነው?» አለ።

ወይዘሮዋ ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ።

«የቱ?»

«ጣቴ ሥር።»

«የሚታየኝ ጣትህ ነው። ቆሻሻ ጣት።»

ሊመልስላቸው አፉን ከፍቶ ቆመ። ሊያስቆጣው የሚገባው ስድቡ ነበር፤ እሱ ግን የሰማው «የቱ?» የሚለውን ነው። ቀስ ብሎ ማውሱን ያዘና መስመሩን አጎላው። አሁንም አጎላው። እንደ ፀጉር የቀጠነው ቧንቧ የቀበቶ ያህል ወፈረ።

«አሁንስ ምን ቀለም ነው?»

«ግራጫ» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ሰማያዊ! ሰማያዊ ነው እንጂ፣ ምን ሊሆን ነው?»

በመስኮቱ የገባው የከሰዓት ብርሃን በጎን ፊታቸው ላይ ወድቆ ነበር። ጠጋኙ ከዚያ በፊት ዓይናቸውን ትክ ብሎ አይቶ አያውቅም፤ ማን ደፍሮ! ያን ጊዜ አየ። በሁለቱም ብሌን ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ የተንጠባጠበ ወተት የመሰለ ጭጋግ አለ።

እሳቸውም ማየቱን አዩ። ለዚህ የሚሆን ዓይን አላጡም።

«ትናገራለህ?» አሉ። ድምፃቸው ወረደ እንጂ አልለሰለሰም።

«መቼ ጀመረዎት?»

«እኔ ነኝ የጠየቅኩህ!»

«ይታከም ይሆናል እኮ…»

«ስማ አንተ። የእኔም እናት እንዲህ ነው የጀመራት። ዓይኗ ሲጠፋ እኔ ዓይን ሆንኳት። እሷን ይዤ ስመላለስ ጓደኞቼ ተምረው፣ አግብተው፣ ወልደው ጨረሱ። አልማረርኩም፤ አምላኬ ምስክሬ ነው። ልጄ ግን ምርኩዜ አትሆንም። ከሰማች ሥራዋንም፣ አንተንም፣ ሁሉንም ትታ እዚህ ወንበር አጠገብ ትቀመጣለች። እና ዛሬ ስትመጣ ሞኒተሩን አልቻልኩትም በላት።»

«አልዋሻትም።»

«እንግዲያው ዝም በል። ዝም ማለትም አትችልም? ወይስ እሱም ገመድ ይፈልጋል?»

ጠጋኙ ብሎን መፍቻውን በእጁ እያዞረ ቆየ። «ዝም እላለሁ» አለ በመጨረሻ። «ነገሩ የእርስዎ ነው፤ እርስዎ ይንገሯት። ግን ሞኒተሩ አይሠራም አልልም። ስለ እርስዎ ብዬ ስሜን አላጠፋም።»

«ስም አለህ እንዴ?» አሉት።

ተሳደቡ እንጂ እጃቸው በጠረጴዛው ላይ የመነጽር ማኅደራቸውን ፍለጋ ይዳብስ ነበር። ማኅደሩ ፊት ለፊታቸው ነው። ጠጋኙ ሊያቀብላቸው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ቢያቀብላቸው ምን ያህል እንደሚጠሉት ያውቃል፤ እሱም በዚያች ደቂቃ ይጠላቸው ነበር።

* * *

ጠበቃዋ ከፍርድ ቤት እንደመጣች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆማ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ለሁለቱም ነበር። ከሁለቱም የተቀበላት የለም።

«ሰውዬሽ ሞኒተሬን ጨረሰው» አሉ እናትየው። «እንደ ድሮው ቢተወው ይሻለኝ ነበር።»

ወደ እሱ ዞረች። ይስቃል፣ ወይ ይከራከራል ብላ ጠበቀች።

«ይሠራል» አለ ጠጋኙ።

«ታዲያ ለምንድን ነው ሰማያዊው የማይታያት?»

ዝም አለ።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

«እሷ ነገረችኝ፤ አይታይም አለች። አንተ ይሠራል ትላለህ። ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ ማለት ነው። እናቴን ውሸታም እያልክ ነው?»

«እኔ ማንንም ምንም አላልኩም።»

«እሱማ ነው የሚያናድደኝ! ትናንት ያልቃል አልከኝ። ጥርስ ናት አልከኝ። ሌሊቱን ሙሉ እኮ…» ድምጿ ተሰበረና መልሳ ጠገነችው፤ በጠበቃ ድምፅ። «አልቻልኩም ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ማን ይንቅህ ነበር? እኔ? ከሞኒተሩ ጋር ያልተግባባህ እንደሆነ ንገረኝ፤ እናቴ ላይ ግን አታላክክ።»

ጠጋኙ ወደ ወይዘሮዋ ተመለከተ። አንዲት ቃል፣ ከእሳቸው አፍ አንዲት ቃል ብቻ። ወይዘሮዋ ግድግዳውን ያያሉ።

«መሄዴ ነው» አለ።

«ሂድ! አንድ ገመድ መቀጠል ያቃተው ሰው ነው ከእኔ ጋር ሕይወት የሚቀጥለው?»

ይህን ያለችው እሷ ናት። ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች፤ ኩራቷ ያዛት። እሱ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው ሲከት አንዲት ብሎን ወድቃ ተንከባለለች፤ ሊያነሳት አልጎነበሰም። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላው አየ። ያ አስተያየት ወቀሳ ቢሆን በተሻላት። እንዳዘነላት ሰው ነበር ያያት፣ እሷም ለምን እንደሚያዝንላት ስላላወቀች ይበልጥ ጠላችው።

* * *

ቀናት አለፉ። አልደወለም። አልደወለችም።

በሳምንቱ መጨረሻ ጠበቃዋ ከሥራ ቦታዋ አዲስ ሞኒተር ከነካርቶኑ ተውሳ መጣች። አመጣጧ የእርቅ አልነበረም። ጥፋተኛው እሱ መሆኑን በማስረጃ ለማረጋገጥ ነበር፤ ማስረጃ ካገኘች ምናልባት መናፈቋ ይቆም ይሆናል።

የጥገናውን ቅደም ተከተል ታውቀዋለች። ስንት ጊዜ በጠጋኙ ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጆቹን እያየች «አሁን ምን እያደረግክ ነው?» ብላዋለች። «መጀመሪያ ኃይሉን፣ ከዚያ ገመዱን፣ ከዚያ ቀዳዳውን ነው የማየው» ይላት ነበር፤ «ካልሆነ አንዱን ብቻ ቀይረሽ ሌላውን እንዳለ ተይው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየርሽ ጥፋቱ ማን ጋ እንዳለ አታውቂም።»

የእናቷን ላፕቶፕ ነቅላ የራሷን ላፕቶፕ በድሮው ሞኒተር ላይ ሰካች። ንድፉን ከፈተች። ሰማያዊው አለ። ጥርት ብሎ።

ቅር አላት። ሞኒተሩ ነጻ ወጣ።

የእናቷን ላፕቶፕ መልሳ በአዲሱ ገመድ ሰካች። አለ። ገመዱም ነጻ ወጣ። በአዳፕተሩ ሰካች፤ ሌላ አዳፕተርም ሞከረች። ነጻ። ነጻ። እንደ ችሎት ምስክሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራች አሰናበተች።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ።»

«ተይው በቃ ሚጡ። ራስ ምታት አስነሳሽብኝ።»

«ነይ አልኩሽ።»

አዲሱን ሞኒተር ከካርቶኑ አወጣችው። ስስ ላስቲኩን ከፊቱ ላይ ገፍፋ መሬት ጣለችው። ሰካችው። ንድፉ እንደ ቀን ቦግ ብሎ ወጣ፤ ግድግዳው፣ መንገዱ፣ በመሃላቸው ሰማያዊ ሆኖ የሚጠማዘዘው ውሃ።

ወይዘሮዋ ተቀመጡ። አዩ። ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ይሄም ያው ነው» አሉ። «ይሄንንም ነክቶታል።»

ጠበቃዋ መሬት ላይ የተጣለውን ላስቲክ አየች። ከፋብሪካው ወዲህ ከእሷ እጅ በቀር የማንም እጅ ያልነካው ሞኒተር ነው።

«ማን ነው የነካው እማዬ?»

«እሱ ነዋ! ባለ ገመዱ!»

«እማዬ…»

«ምን እማዬ እማዬ ትያለሽ! ደግሞ አንቺም ልትመረምሪኝ ነው?»

ልጅቷ ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከች። እናቷ ፊታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ አገጫቸውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ መለሰችው። በልጅነቷ፣ ቆሻሻ ዓይኗ ሲገባባት እሳቸው እንዲህ ነበር የሚይዟት። አየች።

«ያውቅ ነበር» አለች። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ይህ ነው። «ያውቅ ነበር አይደል? እዚህ ቆሞ ስሰድበው፣ አንቺ ግድግዳ እያየሽ፣ ያውቅ ነበር!»

«ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?!»

«ብትጠይው ይሻለኛል! ለእኔ ከምታዝኚልኝ እሱን ብትጠይ ይሻለኛል! እናቴን ስመራ ኖሬያለሁ፤ የሚመራ ሰው ምን እንደሚያጣ አውቃለሁ! አልፈልግም! ተነሺ ከፊቴ!»

«አልነሳም።»

«ተነሺ ብያለሁ!»

«የወደድኩትን ሰው በእጄ እንዳባርረው አደረግሽኝ እማዬ። ምንም እንዳላጣ ብለሽ እሱን አሳጣሽኝ።»

የወይዘሮዋ እጅ የልጃቸውን ፊት ፍለጋ ተነሳና እርጥብ ሆኖ አገኘው። ማን እንደቀደመ አልታወቀም፤ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ተቃቅፈውም ተቆጡ፤ የአንዳቸው ቁጣ ከሌላኛቸው እቅፍ ውስጥ ሊወጣ አልቻለም።

* * *

ሱቁ ሊዘጋ ሲል ደረሰች። ጠጋኙ አንገቱን አላቀናም። አንድ የተበተነ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

«ዘግተናል።»

«በሩ ክፍት ነው።»

«የዘጋነው ለደንበኛ አይደለም።»

ይህ ለእሷ ነው። ወጋት። ዋጠችው።

«አወቅኩ» አለች።

እጁ ቆመ። «ነገረችሽ?»

«አልነገረችኝም። አንተም አልነገርከኝም። እንዳስተማርከኝ አንዱን ብቻ እየቀየርኩ ራሴ ደረስኩበት።» የተጠራቀመው ሁሉ ገነፈለ። «ብቻዬን! እናቴ ልትታወር መሆኑን ብቻዬን፣ ከካርቶን ጋር፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው ያወቅኩት። አጠገቤ መሆን የነበረብህ አንተ ነበርክ! ምነው አንድ ቃል ብትተነፍስልኝ?»

«የእኔ አልነበረማ! የሷ ነው!» ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «አንቺስ? ስንት ዓመት ታውቂኛለሽ? አንድ ቀን ዝም ብል፣ ይሄ ሰው ዝም ያለበት ምክንያት አለው አይባልም? ሌባ እንኳ ስትከራከሪለት ቃሉን ትሰሚያለሽ። እኔን ግን ከመስማትሽ በፊት ፈረድሽብኝ።»

«ፈረድኩ።»

«በገመድ ሰደብሽኝ። እንደሷ።»

«ሰደብኩህ።» እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። «ይቅር በለኝ ልል አልመጣሁም። ገና ተናድጃለሁ። የመጣሁት ሌላ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ እምቢ ማለት መብትህ ነው።»

«ምን?»

«ሐኪም ጋ መሄድ አለባት። የዓይን ሞራ ከሆነ ይወጣል ይላሉ፤ ገና አልታወቀም። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አልቅሼ ነው እሺ ያለችኝ። ከእኔ ጋር ግን አልሄድም አለች። የኔን ፊት እያየች ሐኪሙ የሚለውን መስማት አትችልም።»

«ታዲያ ከማን ጋር?»

ጠበቃዋ ትንፋሿን ሳበች።

«ከአንተ ጋር ከሆነ እሄዳለሁ አለች።»

ጠጋኙ የተሳሳተ ነገር የሰማ መሰለው። «እኔን? እየጠላችኝ?»

«እሱን ጠየቅኳት። ‹እሱ ዓይኔን አይቶ አልለሳለሰልኝም› አለች። ‹በቀረው ዘመኔ ሰው ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ ሊያናግረኝ ነው፤ እሱ ግን ይጨቃጨቀኛል› አለች። ‹ደግሞ አፉ ይዘጋል› አለች።»

ሱቁ ውስጥ ያሉት ስክሪኖች በየመደርደሪያቸው ያለ ድምፅ ይበራሉ። ጠጋኙ ጀርባውን ሰጥቷት መፍቻዎቹን ደረደረ፤ ከደረደረ በኋላ መልሶ ደረደራቸው። ልትነካው እጇን አነሳች፤ ገና መብቱ እንደሌላት ተሰማትና አወረደችው።

«እወስዳታለሁ» አለ፣ ሳይዞር። «ለሷ ብዬ ነው። ላንቺ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«በአንቺ ገና ቂም ይዣለሁ።»

«እኔም ባንተ።»

ዞረ። ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ይቅርታ ገና አልመጣም፤ እንዲመጣም የቸኮለ የለም። ጠጋኙ በርጩማውን በእግሩ ወደ እሷ ገፋላት፣ ሳያናግራት። ጠበቃዋም ሳታናግረው ተቀመጠች። ቁጣዋ ደረቷ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ግን ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ብቻዋን አልተሸከመችውም።